በማን አቆጣጠር?

እናቴና አባቴ ሁለቱም የተወለዱት ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። አጎቴም እንዲሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከሚቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ግማሾቹ ልደታቸው ጃንዋሪ አንድ ነው። ሱዳን ሳሉ የስደተኛ ፎርም የሚሞላው ሰው መቼ ተወለዳችሁ ሲላቸው «ለጥምቀት ሰሞን»፣ «እህሉ ሲታጨድ» እያሉ መለሱለት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር እሱም ለሁሉም አንድ ቀን ሰጥቶ አለፈ።

እኔ ይህን ያወቅሁት በአሥር ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛ ስለማነብ የቤታችንም የጎረቤቶቻችንም ፎርም ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የትውልድ ዓመት የሚለው መስመር ላይ ስደርስ «በማን አቆጣጠር?» ብዬ እጠይቃለሁ። «በእኛ» ካሉኝ እደምራለሁ፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። እያደር መጠየቁን ተውኩት። «በእኛ አቆጣጠር» የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ራሱ ይደምር ነበር። ተሳስቼ አላውቅም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። ይህን አሁን የማነሳው ያ ኩራቴ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ሽማግሌን ያለ ጊዜያቸው ሐዘን ስላስቀመጠ ነው።

እናቴ የምትሠራው ኖርክሮስ ውስጥ፣ በጎማ ቤትና በሜክሲኮዎች ዳቦ ቤት መካከል ባለች አንዲት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ነው። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የሙሽራ ቀሚስ ያጠባሉ። ሱቁ የአንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ካሊፎርኒያ ይኖራል። እናቴ ሥራ ልትጠይቅ የገባች ቀን ከየት አገር እንደመጣች ጠየቋት። ኢትዮጵያ ስትላቸው መቀሱን አስቀምጠው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ወታደሮቻችሁን አይቻቸዋለሁ» አሏት። «ቹንቾን አጠገብ። ከብርዱ የተነሣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።»

እናቴ የእሷም አጎት ኮሪያ ዘማች እንደነበሩ ነገረቻቸው። ልብስ መስፋት ትችያለሽ ወይ ብለው እንኳን አልጠየቋትም። ደግነቱ ትችላለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባባ» ትላቸዋለች። ትርጉሙን ስትነግራቸው በኮሪያኛም አባት የሚባልበት ቃል ከዚህ ብዙ እንደማይርቅ፣ ልጆች እናታቸውንም «ኦማ» እንደሚሉ ነገሯት። እሳቸው እሷን «ሲስተር» ይሏታል። የሚነጋገሩት በሁለቱም በኩል በተሰበረ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ «እርስዎ» ስለሌለው እናቴ «ዩ» ባለች ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ላይ ትንሽ ብድግ ትላለች። እሳቸውም አጎንብሰው ይመልሱላታል። አንድ ቀን ሙሉ ሲነጋገሩ የዋሉ እንደሆነ ሁለቱም ማታ ወገባቸውን ያማቸዋል።

በፈረንጆቹ 2000 መኸር ላይ ሚድታውን የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ከቤታችን ኮሌጅ የገባ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ ስለነበርኩ መምህራን የተናገሩትን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ ሲቀልዱ እንኳን። የታሪክ መምህራችን ለዓመቱ የሚሆን አንድ ሥራ ሰጡን። የአንድን አገር መቶ ዓመት በአንድ ሰው ሕይወት በኩል እንድንጽፍ ነው፤ ሰውየው ግን ዘመዳችን እንዳይሆን። ለእናቴ ስነግራት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አባባ አሉልሽ አይደል» አለችኝ።

አባባ ተስማሙ። «እኔ እናገራለሁ። አንቺ ደግሞ አንድ ወረቀት ትሞይልኛለሽ» አሉኝ። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ያን ቀን አልነገሩኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄድኩ፣ የእንፋሎት ካውያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠይቃቸው ጀመር። የመጀመሪያ ጥያቄዬን ተለማምጄው ነበር የመጣሁት።

«ከሰሜን ኮሪያ ነዎት ወይስ ከደቡብ?»

ጨርቁን ከመኪናው ሥር ሳያወጡ ቀና ብለው አዩኝ። «የእናትሽ አጎት የት ዘመተ ነው የምትሉት?»

«ኮሪያ።»

«እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው» አሉና ፔዳሉን ረገጡት።

እናቴ ከጀርባዬ ስትስቅ ሰማኋት። እውነታቸውን ነው። በአማርኛ ኮሪያ ዘማች ሲባል ሰሜን ወይም ደቡብ የሚል ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ቋንቋ አገራቸው ያልተከፈለች ናት፤ ቢያንስ በሽማግሌዎቹ አፍ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የብስኩት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ የአባታቸው የቤተሰብ መዝገብ፣ የራሳቸው የትምህርት ቤት ወረቀትና አንድ ፎቶግራፍ ነበር። ወረቀቶቹን እያወጡ ሲነግሩኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሁለት ወረቀት ዓመቱን በአንድ ዓይነት አይቆጥርም።

አባታቸው የተወለዱት ንጉሣቸው ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ባሉ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ንጉሡ ከትልልቆቹ ጎረቤቶቻቸው እኩል ነኝ ለማለት የማዕረጉን ስም ለወጡ፣ ዓመቱም በእሳቸው ዘመን እንዲቆጠር አዘዙ። ግን ዘመኑ አልረዘመም። ጃፓኖች ዙፋኑን ለልጃቸው አስለቀቋቸው፤ ጥቂት ቆይተውም አገሩን ጠቅልለው ያዙት። የአባባ አባት ያኔ አምስት ዓመታቸው ነበር።

«እኔ የተወለድኩት በጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ስምንተኛ ዓመት ነው። ንጉሥ አልነበረንም፤ ስለዚህ የሰው ንጉሥ ዓመት ተውሰን ተወለድን» አሉ አባባ።

ትምህርት ቤት ሲገቡ የጃፓን ስም እንዲያወጡ ተደረገ። ጓሮ ውስጥ እየተጫወቱ በኮሪያኛ የተጣራ ልጅ ይመታል። አንድ ጊዜ ወድቀው ጉልበታቸው ሲደማ «ኦማ» ብለው አለቀሱ፤ መምህሩ መጥተው በመጀመሪያ መቱዋቸው፣ ከዚያ ቁስሉን አሰሩላቸው። ይህን ሲናገሩ ፈገግ አሉ። ለምን ፈገግ እንዳሉ መጠየቅ ፈርቼ በማስታወሻዬ ላይ «ፈገግ አሉ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ።

ጃፓን ስትሸነፍ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። «ነፃ ወጣን ብለን በየመንገዱ ጨፈርን። በዚያው ወር ሌሎች ሰዎች ካርታ ላይ መስመር አሰመሩ። ሩሲያ ከላይ፣ አሜሪካ ከታች። ለጊዜው ነው አሉን።»

«ለጊዜው!» አለች እናቴ። እሷም ሱዳን የገባችው ለጊዜው ነበር።

የአባባ ከተማ ሃምሁንግ ከመስመሩ በላይ ናት። ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት ዲሴምበር ላይ የቻይና ጦር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ወደቡ ጎረፈ። አያታቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ እናታቸውና ታናሽ እህታቸው ቀሩ፤ አባትና ልጅ መርከብ ላይ ወጡ። አባትየው ለልጅቷ «አሥር ቀን» አሏት። እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሥሩን ቀን እንድትቆጥርበት አሥር የጥድ ፍሬ በእጇ ሰጧት።

«ደቡብ ስወርድ ደግሞ ዓመቱ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ሆኖ ጠበቀኝ» አሉ አባባ።

ደቡቦቹ ያኔ የሚቆጥሩት አገራቸውን መሠረተ ከሚባለው ከጥንቱ አባታቸው ጀምረው ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ካውያውን አቆመችው።

«ስንት አሉ?»

«አራት ሺህ ሁለት መቶ።»

«እኛ ከዓለም ፍጥረት ጀምረን ሰባት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ሦስት ነን» አለች፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ቄሱ ያወጁትን አስታውሳ። «እንበልጥዎታለን አባባ።»

አባባ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ይህን ያህል ቆይታችሁ ነው ሱሪ የምታሳጥሩት?» አሏት።

«እርስዎስ?»

ሁለቱም ሳቁ። የዚያን ዕለት ዓመቶቻቸው በዐሥራ ሁለት እንስሳ እየዞሩ እንደሚመጡ ነገሩን፤ እሳቸው የዶሮ ዓመት ናቸው፣ እህታቸው የአይጥ። እናቴም የእኛ ዓመት በአራቱ ወንጌላውያን እንደሚዞር፣ እሷ በዘመነ ሉቃስ እንደተወለደች ነገረቻቸው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሷ ወሬ እንዲጻፍ ፈለጉ። «ጻፊው እንጂ» አሉኝ። እኔም ከሥራዬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ባላውቅም ጻፍኩት። «አባባ፦ ዶሮ። እህታቸው፦ አይጥ። እማዬ፦ ሉቃስ።»

ወረቀቱን ያመጡት በኖቬምበር ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ ወንድምና እህቶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን ታይቷል። አባባ ሱቁ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ሦስት ቀን ሙሉ አይተው፣ ደንበኛ ሲገባም ድምፁን አልቀነሱም ነበር፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። እዚህ አሜሪካ ያሉት ግን በዚያ መንገድ መግባት አይችሉም። ስለዚህ አባባ የሚሄዱባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልጉ ሰዎች ፎርም ያሰባስቡ ነበር። ፎርሙን ተቀብሎ ወደ ሰሜን የሚያደርሰው ሰው አሜሪካዊ በመሆኑ ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። የእህታቸውን ስም በኮሪያ ፊደል ራሳቸው ጻፉ። ሌላውን ለእኔ ተዉልኝ።

«ልጅዎ ቢሞላልዎት አይሻልም?» አልኳቸው።

«ልጄ ሦስት ጊዜ ሞልቶልኛል። መልስ መጥቶ አያውቅም። ለአራተኛ ጊዜ ብጠይቀው ያዝንልኛል» አሉ። «ከተገኘች ብቻ እነግረዋለሁ።»

አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ሞላሁ። የትውልድ ከተማ። የአባት ስም። የተለያዩበት ቀን። የተወለደችበት ቀን ላይ ስደርስ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አስታወሱ።

«1936። አሥራ ሁለተኛው ወር፣ አሥረኛው ቀን። በእኛ አቆጣጠር።»

እጄ ደመረ። አሥራ ሁለተኛው ወር ዲሴምበር ነው፤ ስለዚህ ሰባት። ዲሴምበር 10፣ 1943 ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። ለአንድ አፍታ እንኳን አልተጠራጠርኩም። እናቴ የተናገረች ያህል ነበር የሰማሁት። እሳቸው ግን ያሉት የአገራቸውን የጨረቃ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ከፈረንጁ ዘግይቶ ስለሚያልቅ በፈረንጆቹ 1937፣ ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር ብለው የነገሩኝን ልጅ በዚያ መርከብ ቀን የሰባት ዓመት ልጅ አደረግኋት።

«ያንብቡትና ይፈርሙ» አልኳቸው።

«ኮሌጅ የገባ ሰው ሞልቶታል» አሉና በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሳያነቡ ፈረሙ። ኮፒውን አስቀመጥኩ። ፎርም ስሞላ ሁልጊዜ ኮፒ አስቀምጣለሁ።

መልሱ የመጣው በጃንዋሪ ነው። እናቴ ዶርም ደውላ በዝግታ አወራችኝ። «የአባባ እህት የለችም» አለች። በተባለው ስምና የትውልድ ቀን በከተማው መዝገብ የተገኘ ሰው የለም የሚል ነበር። ከዚህ በፊት መልስ አይመጣም ነበር እንጂ እንዲህ ያለ መልስ መጥቶ አያውቅም። መዝገብ ታይቶ ከሌለች በጦርነቱ ሞታለች ማለት ነው፤ አባባ እንዲህ ነው ያሰቡት።

ቅዳሜ ስሄድ ፎቶግራፉ ከቆርቆሮው ወጥቶ የክር መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበታል። ፎቶግራፉ ላይ አባትና እናት ተቀምጠዋል፤ አባባ የተማሪ ኮፍያ አድርገዋል፤ ልጅቷ ተንቀሳቅሳ ፊቷ ደብዝዟል። በእነሱ ልማድ ሙት ዓመት የሚታሰበው ሰውየው በሞተበት ቀን ነው። ቀኑ ላልታወቀ ሰው በዘጠነኛው ወር ዘጠነኛው ቀን ያደርጉታል፤ እሳቸውም እንደዚያ ለማድረግ ወስነዋል።

«የማንም ቀን ነው» አሏት እናቴን። «ቀን የሌላቸው ሁሉ ቀን።»

እናቴ ይህን አልቻለችም። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሴቶች አስከትላ፣ ንፍሮና ምስር ወጥ ይዛ ቤታቸው ድረስ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። እኔም ሄድኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ እንባዋን መጥረግ ስትጀምር ሌሎቹም ቀጠሉ። አባባ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«እህቴን ያውቋታል?»

«አያውቋትም።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

እናቴ ሰምታ ኖሮ «እያንዳንዷ የራሷ አላት አባባ» አለቻቸው። ያኔ እሳቸውም መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም አለቀስኩ። እንባዬ እውነተኛ ነበር፤ ምክንያቱን አለማወቄ ነው እንጂ።

ማርች ላይ ወረቀቴን መጻፍ ጀመርኩ። መምህራችን ግልጽነት ይወዱ ስለነበር ለአንባቢ የሚረዳ ሠንጠረዥ ለመሥራት አሰብኩ። በአንድ ረድፍ የንጉሡ ዓመት፣ በሌላው የጃፓኑ፣ ቀጥሎ የጥንቱ አባት፣ ከዚያ የፈረንጁ፣ መጨረሻ ላይ እንስሳው። አባታቸውን አስገባሁ፤ ገጠመ። አባባን አስገባሁ፤ 1933፣ ዶሮ፤ ገጠመ። እህታቸውን ከፎርሙ ኮፒ ላይ ወስጄ 1943 ብዬ አስገባሁ። እንስሳው በግ ሆነ።

ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። «አባባ፦ ዶሮ። እህታቸው፦ አይጥ። እማዬ፦ ሉቃስ።»

የላይብረሪው መጽሐፍ የተሳሳተ መሰለኝ። ሌላ መጽሐፍ አመጣሁ። ከዚያ አይጡ የት እንዳለ በጣቴ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ስሄድ 1936 ላይ ቆመ። ሰባት ዓመት። ሰባቷን ቁጥር ሳያት ማን እንደደመራት ወዲያው አወቅሁ።

ያን ቀን ከሰዓት ክፍል አልገባሁም። ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ እስክጨርስ ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«በእኛ አቆጣጠር ያለሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«እሳቸው ናቸው።»

«እሳቸውማ የእሳቸውን ነው ያሉሽ።»

«አውቃለሁ እማዬ። አሁን ሳስበው አዲስ ፎርም ሞልቼ እኔው ራሴ ሰብሚት ላደርገው እችላለሁ። መልስ ሲመጣ ያኔ እነግራቸዋለሁ። ወይ ደግሞ ፔፐሬን ካስረከብኩ በኋላ፤ እስከዚያ ቢናደዱብኝ ኢንተርቪውውን ላልጨርሰው ነው።»

«ነጠላ አዘቅዝቄ ለሰው እህት አልቅሻለሁ» አለች እናቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሦስት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ይዤ። ቅዳሜ አይደለም የምትሄጂው። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትወርጃለሽ።»

በማግሥቱ ሱቁ ስንገባ አባባ አንድ ደንበኛ የተወውን የሱሪ እግር እያጠፉ ነበር፤ በከንፈራቸው አራት ስፒል ይዘዋል። ቆሜ ነገርኳቸው። በእኛ አገር ዓመቱ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስደምር እንደኖርኩ፣ «በእኛ» ሲሉኝ የማን «እኛ» እንደሆነ እንዳልጠየቅሁ። ፎርሙንና ደብተሩን ጎን ለጎን አሳየኋቸው። እናቴ ከመኪናዋ ኋላ ቆማ ነበር፤ አልረዳችኝም።

አባባ ስፒሎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ አውጥተው የስፒል መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰኩ።

«ሁለት ወር ቀበርኳት» አሉ።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ስለምናቸው እጃቸውን አነሡ። «ዛሬ ሂጂ» አሉኝ። በር ላይ ሆኜ ዞር ስል ከፎቶግራፉ ላይ ሪባኑን ሲፈቱ አየኋቸው። አልጣሉትም፤ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። አሁን ከዚህ በኋላ ተስፋ ማድረግ እንደገና ሊጀምሩ ነው፣ እሱም ድካም ነው፤ ያኔ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሄድኩ። በርጩማዬ ካውያው አጠገብ ቦታው ላይ ነበር። አባባ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«አሁን በእናንተ አገር ስንት ዓመት ነው?»

«1993።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያው እኔ እዚያ ብሄድ ስልሳ ዓመቴ ነው።»

«አይደለም እኮ አባባ፣ የተወለዱበትም ዓመት አብሮ ይቀንሳል።»

«ዝም በይ» አለች እናቴ በአማርኛ። «ስልሳ ነኝ ካሉ ስልሳ ናቸው።»

ለምን ስልሳን እንደመረጡ ያኔ ነገሩን። በእነሱ ዘንድ ዓመቱ ስሙን ሁሉ ጨርሶ ሰው የተወለደበት ዓመት ተመልሶ የሚመጣው በስልሳ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ዕድሜውን ሞልቷል ይባላል፤ ልጆቹ ይደግሱለታል፣ ይሰግዱለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርቃት ነው። እሳቸው ስልሳ ሲሞላቸው ልጃቸው ትልቅ ድግስ ደግሶ ነበር። አባባ በድግሱ ላይ በግራቸው ያለውን ወንበር ለእህታቸው ብለው፣ ሰው እንዳይቀመጥበት ኮታቸውን አኖሩበት።

አዲሱን ፎርም ሦስታችን ሞላነው። ቁጥር ሁሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጎኑ ጻፍኩ። እናቴ እንግሊዝኛ ማንበብ ብዙም ባይሆንላትም ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ አነበበች፤ አባባ በያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲስ ፎርም ለመላክ ስል ለመምህሬ ወረቀቱን ሳምንት አዘግይቼ አስረከብኩ፤ ምክንያቱንም ጻፍኩላቸው።

መልሱ የመጣው ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ደብዳቤ ነበር፤ በቻይና በኩል ከእጅ ወደ እጅ የመጣ፣ ቢጫ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ። አባባ ሱቁን በቀን ዘጉትና ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀምጠው ለእኛ በእንግሊዝኛ እየመለሱ ነገሩን። የጻፈው የእህታቸው ልጅ ነው። እናቱ ወንድሟን እስከ መጨረሻዋ ታነሣ ነበር። የጥድ ፍሬዎቹንም ያውቃል፤ በልጅነቱ መቁጠር ያስተማረችው በእነሱ ነው። የራበ ዘመን ነበር፣ ያላትን ለልጅ ልጆቿ ስትሰጥ ቆይታ ታመመች።

እናቴ ስለ ረሃቡ ሲነሣ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ያረፈችው በ86 ነው» አሉ አባባ። «በአራተኛው ወር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።» ደብዳቤውን አጠፉት። «አሥራ አምስት ዓመት ሆናት። እንግዲህ ልጄ፣ ፎርሙን በትክክል ብትሞይውም ባትሞይውም ያው ነበር። ከእንግዲህ እንቅልፍሽን ተኚ።»

ሊያጽናኑኝ ነው ይህን ያሉት። ዝም ብል ጥፋቴ እዚያው ላይ ተዘግቶ ነበር፤ አንድ ሴት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ሞታለች፣ ማንም ሊደርስላት አይችልም ነበር። ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠይቀው ኖሬ የተውኩት ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«በማን አቆጣጠር?»

አባባ አዩኝ።

ወረቀቴን ስጽፍ አንብቤው ነበር። ሰሜኖቹ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚቆጥሩት የመጀመሪያው መሪያቸው ከተወለዱበት ዓመት ጀምረው ነው። 1912 ለእነሱ አንድ ነው፤ ወሩና ቀኑ ግን እንደ ፈረንጁ ነው። አባባ አገራቸውን ከለቀቁ በኋላ የመጣ አቆጣጠር በመሆኑ ከአእምሯቸው አልነበረም። ደብዳቤውን ገልጠው እንደገና አዩት፤ ከሰማንያ ስድስቱ በፊት የዚያ አቆጣጠር ስም የሆነች አንዲት ቃል ነበረች፣ እሳቸው የሰላምታ ቃል መስላቸው ያለፏት። እርሳስ አንሥቼ ደመርኩ። ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በጣቴ ቆጠርኩ።

«1997 ነው» አልኩ። «ከአራት ዓመት በፊት።»

አባባ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ማስኬድ ጀመሩ፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል እያሉ በሹክሹክታ። ዐሥራ ሁለቱን አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ዙር አልቆ አውራ ጣታቸው ተመልሶ የመጀመሪያው አንጓ ላይ ሲያርፍ ቆሙ።

«አይጥ» አሉ። «በጃንዋሪ ስልሳ ሞላት። በአፕሪል ሞተች።» ጣታቸውን ከአንጓው አላነሡም። «ደርሳለች፣ ሲስተር። ዓመቷ ተመልሶ መጥቶላታል።»

«ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ» አለች እናቴ። «ቀኗም ታወቀ። ተዝካሯ በራሷ ቀን ይወጣል እንጂ በማንም ቀን አይወጣም።»

አባባ ስልኩን አንሥተው ካሊፎርኒያ ደወሉ። በኮሪያኛ ረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ኦማ» ሲሉ ሰማሁ። ሲጨርሱ ፎቶግራፉን ከመደርደሪያው አውርደው ጀርባውን ገልብጠው ሰጡኝ።

«ቀኑን ጻፊልኝ።»

እርሳሱን ይዤ በየትኛው አቆጣጠር እንደምጽፈው ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡ።

«በሁሉም» አሉ። «ልጇም ቢያየው፣ ልጄም ቢያየው፣ አባቴም ቢያየው እንዲገባው።»

አራተኛው ወር፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን ብዬ ጀመርኩ። ከሥሩ 86። ከሥሩ 1997። ከሥሩ 4330። ፎቶግራፉን ልመልስላቸው ስል እናቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ እያየች ነበር።

«የእኛንስ?» አለችኝ። «ነጠላ አዘቅዝቄላታለሁ እኮ።»

አባባን አየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፕሪል ስለሆነ የሚቀነሰው ስምንት ነው። ደግሜ አሰብኩና ሚያዝያ 4፣ 1989 ብዬ ጻፍኩ።